ኩበቱ ከምድጃ ወደ ማሳ እንዲመለስ
በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ወጣቶች ሊሠሩት ስለሚችሉት የንጹሕ ኃይል ሥራ

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በቦረና፣ በወግዲ፣ በለጋምቦ፣ በመሐል ሳይንትና በአካባቢያቸው ለሚገኙ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ስለ ማገዶና ስለ ምድጃ የግብርና ምርምርን ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚሁ እናስብ ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን የአፈር ናሙና ስንሰበስብ ደጋግመን ያየነው ነገር ነው። ከመኖሪያ ቤት አጠገብ ያለው የጓሮ መሬት ጥቁርና ልል ሆኖ ሳለ፣ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ሲሉ ማሳው ነጣ ያለ፣ ዝናብ ሲመታው የሚጋገር፣ ገብሱም ቢጫ ሆኖ የሚቀጭጭበት ነው። ሁለቱ መሬቶች የአንድ ገበሬ ናቸው፤ አፈሩም በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ዐመዱና የቤት ጥራጊው ጓሮ ሲደፋ፣ እበቱ ግን ኩበት ሆኖ ምድጃ ስለሚገባ ወደ ሩቁ ማሳ የሚሄድ አንዳችም ነገር አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ የማገዶ ጉዳይ የአፈር ለምነት ጉዳይ ሆኖ አገኘነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈውም ይህን ሥራ ማን ሊይዘው እንደሚችል ነው። በእኛ አስተያየት ሥራው የወጣቶች ነው።

ወጣቶቹ የሚያነሡት ጥያቄ

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ካሉ ወጣቶች ጋር በልዩ ልዩ ጊዜ ተወያይተናል። አብዛኞቹ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ፣ አንዳንዶቹም ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከሌላ ተቋም ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ናቸው። ከወላጆቻቸው ማሳ በቀር የራሳቸው መሬት የላቸውም። ስለ አየር ንብረት መለወጥ፣ ስለ ፀሐይና ስለ ነፋስ ኃይል፣ ሀብታም አገሮች ስላለባቸው ኃላፊነት ያላቸው ዕውቀት ከእኛ የሚያንስ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ካጸደቃቸው የልማት ግቦች መካከል ሰባተኛው ስለ ንጹሕ ኃይል መሆኑን ያስታወሰን አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው።

የዓባይ ግድብ ሲነሣ ሁሉም ይናገራል። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርደው ውሃ፣ ከፊሉ በበሽሎ በኩል ከፊሉም በቀጥታ፣ መድረሻው ዓባይ ነው። ለግድቡ ቦንድ ያልገዛ ወይም ያላዋጣ ቤተሰብም ጥቂት ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት ዐቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት መሆኑን ወጣቶቹ በቃላቸው ያውቁታል። ነገር ግን በአንዱ ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጠው ያዳምጡ የነበሩ አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ሁሉ ደግ ነው፤ እኔ ግን ነገ የምጋግርበት ኩበት አልቆብኛል» አሉ። ከዚያ በኋላ ውይይቱ ሌላ መልክ ያዘ።

እናቲቱ የተናገሩት እውነት መሆኑ በስሌትም ይታያል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጋገርበት ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ይፈልጋል። በየቤቱ ጣሪያ ላይ የሚታየው አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ መብራት ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፤ እንጀራ ግን አያወጣም። የኤሌክትሪክ መስመር በደረሰበት ከተማ እንኳ ብዙ ቤተሰብ ለመብራት ኤሌክትሪክ፣ ለመጋገሪያ ኩበትና ጭራሮ ይጠቀማል። በገጠር ቤት ከሚነደው ማገዶ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለእንጀራ የሚውል ነው። ስለ ንጹሕ ኃይል የሚያስብ ወጣት ምጣዱን ዘሎ ካለፈ ዋናውን ዘሎ አልፏል ማለት ነው።

ስለ ጪሱ ብዙ አንጽፍም፤ የጤና ባለሙያዎች የሚሉትን ብቻ እንጠቅሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚነሣ የማገዶ ጪስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ፣ ከነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት እንደሆኑ ገምቷል። ኩበት ደግሞ ከደረቅ እንጨት የበለጠ ይጨሳል።

አንድ ቤት በዓመት ምን ያህል ማዳበሪያ ያነዳል?

የሚከተለው ስሌት ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው፤ የልማት ሠራተኛው በራሱ ቀበሌ መዝኖ ሊያስተካክለው ይገባል።

አንድ ቤተሰብ በቀን 5 ኪሎ ግራም ደረቅ ኩበት ያነዳል እንበል። በዓመት 1,825 ኪሎ ወይም ከ18 ኩንታል በላይ ይሆናል። ደረቅ የከብት እበት ከመቶ አንድ ተኩል እጅ ያህል ናይትሮጂን አለው ብለን ብንይዝ፣ በዓመት የሚነደው ናይትሮጂን 27 ኪሎ ያህል ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚይዘው 46 ኪሎ ናይትሮጂን ነው። ስለዚህ ይህ ቤተሰብ ወደ 60 ኪሎ የሚጠጋ ዩሪያ ውስጥ ያለውን ናይትሮጂን በየዓመቱ በጪስ ቀዳዳ ያስወጣል። በግንቦትና በሰኔ ማዳበሪያ ለማግኘት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ደጃፍ ወረፋ የሚይዘውም ይኸው ቤተሰብ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስሌቱን ለገበሬው ሲያስረዱ «ኩበቱ ዩሪያውን ሙሉ በሙሉ ይተካል» ማለት ስሕተት ነው። እበት በፀሐይ ሲደርቅ ናይትሮጂኑ በከፊል ይተናል። ወደ ማሳ ቢገባም ሰብሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ቀስ እያለ በሚቀጥሉት ዓመታት ይለቀቃል። በሌላ በኩል ግን ፍግ ዩሪያ የማይሰጠውን ይሰጣል። አፈሩን ያለሰልሳል፣ ውሃ ያስይዛል፣ ጎርፍን ያስታግሣል። በተዳፋት ላይ ለሚያርስ የቦረና ገበሬ ይህ ከናይትሮጂኑ የሚያንስ ጥቅም አይደለም።

ኩበት ሲነድ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ በአብዛኛው ዐመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ጓሮው የሚጠቁረው፣ ጎመኑና ድንቹ የሚፋፋውም በከፊል ከዚሁ የተነሣ ነው። ስለዚህ ኩበት ማንደዱ እስኪቀር ድረስ ዐመዱን በዝናብ ከመታጠቡ በፊት ሰብስቦ ወደ ማሳ መውሰድ የሚቻል ነገር ነው። በተለይ አፈሩ ኮምጣጣ በሆነበት ቦታ ዐመድ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ኩበት አታንድዱ» የሚል ትምህርት በየስብሰባው ሲሰጡ ሰምተናል። ይህ ምንም አላስገኘም፤ ሊያስገኝም አይችልም። ገበሬው የእበትን ጥቅም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሌላ ማገዶ ስለሌለው ነው። በየቤቱ ዙሪያ ባሕር ዛፍ አለ፤ ነገር ግን ግንዱ ለቤት መሥሪያና ለገበያ ይሄዳል፣ ለምድጃ የሚተርፈው ቅጠሉና ጭራሮው ነው። ወደ ላይ ወደ ውርጩ ሲወጡ ደግሞ የቀረው አስታ ነው። አስታውም የሚገኘው በአብዛኛው ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል በነበረው፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ በሚጠበቀው ክልል ውስጥ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበትን ያን ጫካ ለማዳንም ከጥበቃው ጋር ሌላ ማገዶ ማስገኘት የግድ ነው።

ስለ ምርጥ ምድጃ

ሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ጥዶ መጋገር የእሳቱን ሙቀት አብዛኛውን ለነፋስ ይሰጣል። ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት በአገራችን ባለሙያዎች ተጠንቶ የወጣው የእንጀራ መጋገሪያ ምርጥ ምድጃ ይባላል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር በብረት ቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ነው። ስድስት ክፍሎች አሉት፤ አራቱ ሲገጣጠሙ ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፋሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ጪሱን ያስወጣሉ፣ ድስትም ያስቀምጣሉ። በትክክል ከተሠራና ከተተከለ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ለመጋገር የሚያስፈልገውን ማገዶ እስከ ግማሽ ይቀንሳል።

«እስከ ግማሽ» የተባለው ለእንጀራ ከሚነደው እንጂ ከጠቅላላው አይደለም። ለወጥ፣ ለቡናና ለማሞቂያ የሚነደው እንደነበረ ይቀጥላል። ስለዚህ ከላይ በምሳሌ ያቀረብነው ቤተሰብ ከ18 ኩንታል ኩበት ቢያድን ከአራት እስከ አምስት ኩንታል ያህል ነው። ከዚህ በላይ ተስፋ የሰጠ ሰው ሁለተኛ ዓመት ላይ አይታመንም።

የምድጃው ዋና ችግር ክብደቱ ነው። ከሩቅ ከተማ ተጭኖ መጥቶ በአህያ ወደ ቀበሌ ሲወጣ ክፍሎቹ ይሰበራሉ። የመካነ ሰላም አካባቢ ወጣቶች ዕድልም እዚህ ላይ ነው። ሲሚንቶው በከረጢት ቢመጣ፣ አሸዋው ከቅርብ ወንዝ ቢገኝ፣ ቅርጽ ማውጫው ከቀበሌ ቀበሌ ቢዘዋወር፣ ምድጃው ሊተከል ከታሰበበት ቤት አጠገብ ሊሠራ ይችላል። አራት አምስት ሆነው የተደራጁ ወጣቶች አንድ ቅርጽ ማውጫ ይዘው ሥራ መጀመር ይችላሉ።

በሥራው ላይ ካየናቸው ጉድለቶች ሁለቱን እንጠቅሳለን። አንደኛው ችኮላ ነው። የሲሚንቶ ሥራ ከቅርጹ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ጥላ ሥር ሆኖ ጠዋትና ማታ ውሃ መጠጣት አለበት። ገበያ ስለደረሰ በሦስተኛው ቀን የተሸጠ ምድጃ በመጀመሪያው እሳት ይሰነጠቃል። ይህን ያየ ጎረቤት ደግሞ አይገዛም። ሁለተኛው የምጣዱ ልክ ነው። ምጣድ ሠሪዋና ምድጃ ሠሪው ሳይነጋገሩ ከሠሩ ምጣዱ ይጠባል ወይም ይሰፋል፤ በክፍተቱ በኩል እሳትና ጪስ ይወጣል፣ የዳነው ማገዶም ይባክናል። ወጣቶቹ ከአካባቢው ምጣድ ሠሪ ሴቶች ጋር አስቀድመው ልክ ሊስማሙ ይገባል። በዚህ ላይ ኩበት ዐመዱ ስለሚበዛ በጋገሩ ቁጥር ዐመዱ ካልተጠረገ አየር ማስገቢያው ይታፈንና እሳቱ ይዳፈናል፤ ምድጃውን የሚተክለው ወጣት ይህን ለቤቲቱ እመቤት ቆሞ ማሳየት አለበት።

በነጻ ስለ መስጠት አንድ ቃል እንጨምራለን። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1983 በመንግሥት ድጎማ ምድጃ ለገጠር ቤተሰቦች ማደል ጀምራ ነበር። ብዙ ሚሊዮን ምድጃዎች ተተከሉ፤ ነገር ግን ሲሰበሩ የሚጠግን ስላልነበረና ብዙዎቹም ለቤቱ አበሳሰል ስላልተስማሙ አብዛኞቹ ተትተው ቀሩ። ቻይና በዚያው ዘመን የጀመረችው ሥራ ከ100 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ሲደርስ፣ የወጪውን አብዛኛውን የከፈለው ቤተሰቡ ራሱ ነበር፤ ሠሪዎቹና ጠጋኞቹም የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። የእኛ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሁለቱ የትኛውን መከተል እንዳለባቸው ለመናገር ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ዱቤ መስጠት ጥሩ ነው፤ ምድጃ በነጻ ማደል ግን የወጣቶቹን ገበያ ያጠፋል።

ስለ ባዮጋዝ፣ የእኛም ስሕተት

ወጣቶች ከምድጃ ይልቅ የሚማርካቸው ባዮጋዝ ነው። እበቱ ጋዝ ሰጥቶ፣ ተረፈ ምርቱ ደግሞ ማዳበሪያ ስለሚሆን፣ ከላይ የተናገርነውን ችግር በአንድ ጊዜ የሚፈታ ይመስላል። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር አማራ ክልል ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር። የተመረጠውም «ስንዱ» የሚባለው ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ ባለ ጉልላት ዓይነት ነው።

እኛም በዚህ ተማርከን በአንድ ከፍተኛ ደጋ ቀበሌ ውስጥ ለሠርቶ ማሳያ የሚሆን ጉድጓድ እንዲሠራ መክረን ነበር። ግንባታው ጥሩ ነበር፤ ወጣቶቹም ተግተው ሠሩ። ሆኖም በጥቅምትና በኅዳር ውርጩ ሲበረታ ጋዙ ቀነሰ፤ በታኅሣሥ ቡና እንኳ ማፍላት አልቻለም። ውሃውም ቢሆን የሚቀዳው ከሩቅ ምንጭ ስለነበረ ልጃገረዶቹ ላይ ሌላ ሸክም ጨመርን። በመጨረሻ ባለቤቱ ጉድጓዱን ክፍት ትተው እበቱን ወደ ኩበት መለሱት። አልተቆጡም፤ «እናንተም ልትማሩ ነው የመጣችሁት» ብለው አለፉን። ጥፋቱ የወጣቶቹ ሳይሆን ቦታውን የመረጥነው የእኛ ነው።

ጋዝ የሚፈጥሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ሙቀት ይፈልጋሉ። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ሥራቸው በጣም ይዘገያል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲቀርብ ያቆማሉ ማለት ይቻላል። ባለ 6 ሜትር ኩብ ጉድጓድ በየቀኑ 40 ኪሎ ያህል እርጥብ እበትና በዚያው ልክ ውሃ ይጠይቃል። ለዚህም ቢያንስ አራት በጋጣ የሚያድሩ ከብቶች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ባዮጋዝ የሚመከረው ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚያዘቀዝቁት ወይና ደጋ ቀበሌዎች፣ ውሃ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ መንገድ በሚገኝበት፣ ከብትም ባለው ቤት ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ጋዙ ለወጥ፣ ለቡናና ለመብራት እንጂ ለእንጀራ በቂ እንደማይሆን አስቀድሞ መንገር ያሻል። የሚወጣው ተረፈ ምርት ግን እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ናይትሮጂኑ በአብዛኛው አልጠፋም። በቀጥታ ወይም ከኮምፖስት ጋር ተቀላቅሎ ማሳ ሊገባ ይችላል።

የዳነው ኩበት የት ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ ለማንሣት ዘግይተናል፤ መጀመሪያ ያነሣችው አንዲት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ናት። ምድጃ በገቡ ቤቶች ውስጥ የዳነው ኩበት ወደ ማሳ አልሄደም፤ በመካነ ሰላም ገበያ ተሸጠ። ለጨው፣ ለዘይትና ለልጆች ደብተር የሚሆነውን ገንዘብ እናቶችና ልጃገረዶች የሚያገኙት ከዚሁ ነው። ማንም ይህን ሊነቅፍ አይችልም። የኃይል ሥራ የሚሠራ ድርጅት ምድጃውን ቆጥሮ ሥራው ተሳካ ሊል ይችላል፤ ከአፈር አንጻር ግን ምንም አልተለወጠም።

ስለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ምድጃ ሲያስገባ ከኮምፖስት ሥራ ጋር አያይዞ እንዲሆን እናሳስባለን። እበቱ ገና እርጥብ ሳለ፣ ኩበት ከመሆኑ በፊት፣ የተወሰነ ቀን እበት ለኮምፖስት ጉድጓድ እንዲቀር ከቤተሰቡ ጋር መስማማት ይቻላል። በሳምንት የሁለት ቀን እበት ብንል በብዙ ቤት የሚቻል ነው። ከከተማው ገዢ በኩል ደግሞ በመካነ ሰላም የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ምርጥ ምድጃ የሚጠቀም ቤት በበዛ ቁጥር ኩበት የሚገዛው ይቀንሳል። ወጣቶቹ ምድጃውን በገጠር ብቻ ሳይሆን በከተማም መሸጥ ያለባቸው ለዚህ ነው፤ ገንዘብ ያለው ገዢም እዚያ ነው።

ከምድጃው ጎን ለጎን የማገዶ ዛፍ ያስፈልጋል። ለደጋው ትሪ ሉሰርንን እንመርጣለን። ናይትሮጂን ወደ አፈር ያስገባል፣ ቅጠሉ ለከብትና ለበግ መኖ ይሆናል፣ ግንዱም ይነዳል። ችግኙ ግን ገና ለጋ ሳለ በግና ፍየል አይምረውም፤ አጥር የሌለው ሰው ባይደክም ይሻላል። ለዝቅተኛው ቦታ ሰስባንያ ይስማማል። የችግኝ ጣቢያ ሥራም መሬት ለሌለው ወጣት የሚሆን ነው፤ አንድ ሺህ ችግኝ የሚፈልገው ቦታ ከአንድ ጓሮ አይበልጥም።

ወጣቶቹ ከውጭ ስለሚመጣ የካርቦን ገንዘብ ደጋግመው ይጠይቁናል። እንዲህ ያለ ገንዘብ በኢትዮጵያ ለምድጃ ሥራ ውሎ ያውቃል። ሆኖም ገንዘቡ የሚከፈለው ለተቆጠረና ለተረጋገጠ ነገር ነው። የትኛው ቤት መቼ ምድጃ እንደገባለት፣ ከዓመት በኋላም እየተጠቀመበት መሆኑን የሚያሳይ መዝገብ የሌለው ማኅበር ሊጠይቅ አይችልም። መዝገብ መያዝ ደግሞ የተማሩት ወጣቶች ዛሬውኑ ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

ለመጀመሪያው ዓመት የሚሆን አሠራር

የልማት ሠራተኛው ሥራውን በሚዛን እንዲጀምር እንመክራለን። ከቀበሌው አሥር ቤቶች ይምረጥ፤ ከብት ያለውም የሌለውም፣ ወንድም ሴትም የሚመሩት ይኑሩበት። በየቤቱ ሁለት ወጣቶች ተመድበው ለአንድ ሳምንት በየቀኑ የሚነደውን ኩበትና እንጨት ለየብቻ ይመዝኑ። እህል መመዘኛው ሚዛን ይበቃል። ከዚያ በአምስቱ ቤቶች ምድጃ ተተክሎ ከአንድ ወር በኋላ አሥሩም እንደገና ይመዘኑ። ምድጃ ያልገባላቸው አምስቱ የሚመዘኑት በብርዱ ምክንያት የመጣውን ለውጥ ከምድጃው ለውጥ ለመለየት ነው፤ እነርሱም ሥራው ሲያልቅ ቅድሚያ እንዲያገኙ ቃል ሊገባላቸው ይገባል። የተመዘነው ውጤት ጥሩም ሆነ መጥፎ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ቢነበብ፣ ከማንኛውም በራሪ ጽሑፍ የበለጠ ያስረዳል፤ ይህንንም ጽሑፍ ይጨምራል።

የመጀመሪያው ምዘና በጥቅምት መጨረሻ ቢሆን ጥሩ ነው። ኩበት መጠፍጠፍ የሚጀመረውም በዚያን ጊዜ ነው። ምድጃው በኅዳርና በታኅሣሥ ይሠራ፤ ውርጭ በሚበዛበት ቦታ ያልደረቀው ሥራ ሌሊት በገለባ ይሸፈን። የኮምፖስቱ ጉድጓድ ግን አረንጓዴ ነገር ሳይደርቅ ከመስከረም እስከ ኅዳር መሞላት ስላለበት ከምድጃው ቀድሞ ይጀመራል። በየወሩ እየተገለበጠና ውሃ እየተረጨበት ከቆየ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚበተነውም ከቤት በራቀው ማሳ ላይ፣ ለክረምቱ ገብስ ወይም ስንዴ በሚዘጋጀው መሬት ላይ እንዲሆን ከባለቤቱ ጋር አስቀድሞ ቦታው በካስማ ይለይ። አጠገቡ ያልተበተነበት እኩል ስፋት ያለው መሬት ይተው፤ በኅዳር አጨዳ ሁለቱም ለየብቻ ይመዘናሉ።